የመብሩካ ምድጃ

ኅዳር 14 ቀን 1974 ዓ.ም.
ከሰሜን ግንባር

ለውድ ባለቤቴ ለመብሩካ ሙዘይን
ሾላ፣ አዲስ አበባ

አሰላሙ ዐለይኩም የዘሙሩድ እናት። እኔ አልሀምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ከእናንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብኝ የለም። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ጎረቤታችን ነጅመዲን ነው። የጫነውን አራግፎ ሲመለስ እኛ ጋ ያድራል። መልሱንም በእሱ ላኪልኝ፤ በፖስታ ከሆነ ከእኔ በፊት ሌላ ሰው ያነበዋል።

«ለምን ከሳህ» ብለሽ መጨነቅሽ ፎቶግራፉን አይተሽ ነው። አልታመምኩም። እዚህ ቀን ቀን እሳት ማንደድ ክልክል ነው፤ ጭስ ከታየ ብዙ ሳይቆይ መድፍ ይመጣል። ስለዚህ የምንበላው ኮቾሮ ነው። ኮቾሮ ማለት የሠራዊቱ ደረቅ ብስኩት ነው፤ ጥርስ ያለው ይቆረጥመዋል፣ የሌለው ውሃ ውስጥ ነክሮ ይጠብቃል። ወጥ ቤታችን ኤጀታ የሚባል የወለጋ ልጅ ነው። «እኔ ወጥ ቤት አይደለሁም፣ የኮቾሮ ዘበኛ ነኝ» እያለ ያሳስቀናል።

ስለ ወርክሾፑ ላነሳሽው ጥያቄ መልሴ ያው የፊቱ ነው። ዘግተሽው ቆዪ። አባባ ሙዘይን፣ አላህ ይማራቸውና፣ ብረት ቤቱን ለእኔ ሲሰጡኝ «እንዳይዘጋ» እንዳሉ አልረሳሁትም። ቢሆንም ላሜራ መቁረጥ የሴት ሥራ አይደለም፤ ሰውስ ምን ይላል። ቀበሌ መርጦ የላከኝ ለዘለዓለም አይደለም። ስመጣ እኔው እከፍተዋለሁ።

ልጄን ሳሚልኝ።

ባለቤትሽ አብዱልሰላም


ጥር 2 ቀን 1974 ዓ.ም.
ሾላ

ለውድ ባለቤቴ ለአብዱልሰላም

ወዐለይኩም ሰላም የዘሙሩድ አባት። ሁላችንም ደህና ነን። ዘሙሩድ የፊት ጥርሷ ወልቆ «አባቴ ሲመጣ ይበቅላል» ትላለች፤ እንግዲህ ጥርሱ ካንተ ቀድሞ እንዳይመጣ ተጠንቀቅ።

«ዝጊው» ያልክበት ደብዳቤ ሲደርሰኝ ወርክሾፑ ከተከፈተ ወር አልፎት ነበር። ይቅር በለኝ። ይቅርታ የምጠይቅህ ግን በመክፈቴ አይደለም፤ ሳልነግርህ በመክፈቴ ነው። አባቴ አንተን ብየዳ ሲያስተምሩ ወናፍ ትነፋ የነበረችው ማን እንደሆነች ታውቃለህ። ዓይኔን ጨፍኜ አልነፋሁም። ሰው ምን ይላል ላልከው፣ ሰው የሚለው «የኔን በርሜል መቼ ትጨርሺልኛለሽ» ነው።

አሁን ተቀመጥና አንብብ። የኮቾሮውን ነገር ካነበብኩ ወዲህ አላስቀመጠኝም። ጭስ የማይወጣው ምድጃ ሠርቻለሁ። ከበርሜል ነው፤ ግድግዳው ድርብ ነው። ከታች የገባው አየር በሁለቱ ግድግዳዎች መሃል እየጋለ ይወጣና ከላይ ባሉት ቀዳዳዎች ጭሱ ላይ ይነፋል። ጭሱም ወደ ውጭ ሳይወጣ እዚያው ተቃጥሎ ያልቃል። አልጨሰም ማለት አልችልም፣ ትንሽ ይጨሳል፤ ግን ከሲጋራ አይበልጥም።

መንግሥት ደግሞ ለጦሩ የሚሆን አዲስ ነገር ለሚሞክሩ ትንንሽ ወርክሾፖች የምርምር ድጋፍ እንደሚሰጥ በከፍተኛው አስተዳደር ግቢ ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ። ይዤው ሄድኩ፤ ተቀበሉኝ። ላሜራውን፣ የብየዳ ዕቃውን፣ የሠራተኛውን ወጪ ይችላሉ። በሚያዝያ ፈተና አለ። ምድጃው እዚህም ግንባርም ከተሳካ የሠራዊቱን ሥራ በስሜ እወስዳለሁ። ካልተሳካ ወርክሾፑ ለሌላ ማኅበር ይሰጣል። አዎ፣ የአባቴ ወርክሾፕ። በአንተ ስም ላስመዝግብ ብል «የሌለ ሰው አይመዘገብም» ስላሉኝ ነው በእኔ ስም የሆነው።

የሚከታተለኝ ኢንጂነር ኃይለ መስቀል የሚባል ሰው ነው። በየሳምንቱ ይመጣል። ትሑት ነው፤ ሲያስረዳ አይቸኩልም።

እኔ የምሞክረው እንጨት ሻጯ የሺመቤት ከእንጦጦ ተሸክማ በምታመጣልኝ ባሕር ዛፍ ነው። እናንተ ጋ የሚነደው ምንድን ነው? የድስታችሁስ ወርድ ምን ያህል ነው? ሁለቱን ቶሎ ጻፍልኝ።

ያንተው መብሩካ


ጥር 29 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለመብሩካ

አሰላሙ ዐለይኩም። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ደስ ብሎኛል ብዬ ልጽፍ ጀምሬ ቀደድኩት፤ ይኸኛው እንዳይቀደድ እውነቱን ልጻፈው።

ዝጊው ያልኩሽን ከፈትሽው። ያልሰማሁትን አስመዘገብሽ። የሌለ ሰው አይመዘገብም ማለታቸው ደግሞ ደንቆኛል። የት እንዳለሁ እነሱ አጥተውት ነው?

«ሲያስረዳ አይቸኩልም» ብለሽ ጽፈሻል። ለምን አይቸኩልም? ሌላ ሥራ የለውም? ባለትዳር ነው? መልኩ ምን ይመስላል? እኔ ስንት ዓመት ካንቺ ጋር ስኖር ነገር ሳስረዳ ቸኩዬ ነበር? ከሆነም አንድ ቀን ተናግረሽኝ አታውቂም። ዛሬ በደብዳቤ፣ ያውም ሌላ ሰው ስታመሰግኚ ሰማሁት። ይህን ያህል መንገድ ተጉዞ የመጣ ነገር ሆድ ውስጥ ሲገባ ከኮቾሮ ይከብዳል።

የድስቱን ወርድ ጠይቀሽኛል፤ ክንድ ከስንዝር ነው።

ሰውየው ሲመጣ አክስትሽ ሳፊያ ትኑር። ብቻችሁን አትቀመጡ።

አብዱልሰላም


የካቲት 24 ቀን 1974 ዓ.ም.
ሾላ

ለዘሙሩድ አባት

ለድስቱ ወርድ አመሰግናለሁ። እኔና ኢንጂነሩ ከገመትነው ስለሰፋ የምድጃውን አፍ እንደገና ቆርጠናል።

የጠየቅከኝን በተራ ልመልስ። ባለትዳር ነው ወይ ላልከው፣ አልጠየቅኩትም፤ ላሜራ ስንለካ ጥያቄው አልመጣልኝም። መልኩን ላልከው፣ ረዥም ነው። በራችን ዝቅ ስለሚል በመጣ ቁጥር ግንባሩን ይመታል፣ እስከ ዛሬ አልለመደም። ዘሙሩድ «ኢንጂነር ዷ» ነው የምትለው። አክስቴ ሳፊያ ትኑር ያልከው ሳትለውም አለች። ከጎኑ ተቀምጣ ስለ ወገቧ ሕመም ትነግረዋለች፤ ከእኔ ይልቅ እሷን ሲያዳምጥ ነው የሚውለው። ከቀናህ በአክስቴ ቅና።

ቀልዱን ልተወው። ሳነብህ አዝኛለሁ፤ ደግሞም ሳልስቅ አልቀረሁም። አንተ በሌለህበት ያለቀስኩትን ሁሉ ጽፌልህ አላውቅም፤ የሚረዳኝ ሰው ባገኘሁ ጊዜ ግን ደስ ብሎኝ ጻፍኩልህ። ሳልጽፈው ብቀር ይሻል ነበር?

ስለሚነደው ነገር አልመለስክልኝም። ቀላል አትበለው፤ የታችኛው ቀዳዳ ስፋት የሚለካው በሚነደው ነገር ነው። ባሕር ዛፍ ቅባት ስላለው በጥቂት አየር ይነዳል። ሌላው ግን እንደዚያ ላይሆን ይችላል። አንድ ቃል ብቻ ጻፍልኝ፣ ይበቃኛል።

መብሩካ


መጋቢት 21 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለመብሩካ

አሰላሙ ዐለይኩም። ነጅመዲን አድሮ ሄደ። እራት እየበላን «ሰፈር እንዴት ነው» አልኩት። «ደህና ነው» አለ። ደግሜ ስጠይቀው የኢንጂነሩ ላንድሮቨር ከደጃችሁ እንደማይጠፋ፣ ከእኔ ሚስማር ላይ የወንድ ኮት ተሰቅሎ እንዳየ ነገረኝ። ከብየዳ ስወጣ ቱታዬን የምሰቅልበትን ሚስማር ነው የምልሽ። በገዛ እጄ የመታሁት ነው። ያለ እሳት ጭስ የለም ይባላል።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ሳይመሽ ልናገር፤ ይህን ነገር ተይው። ምድጃውም ድጋፉም ይቅር።

ደግሞ አንድ ነገር አትርሺ። ጭስ መድፍ ይጠራብናል ብዬ የጻፍኩልሽ እኔ ነኝ። የእኔ ደብዳቤ ባይኖር ምድጃ የሚባል ነገር አይታሰብሽም ነበር። ዛሬ ግን የመብሩካ ምድጃ ነው የሚባለው፤ ነጅመዲን እንዳለው የሾላ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠራው። እኔ እዚህ የሰው ጎማ ስፈታ፣ በእኔ መዶሻ፣ በእኔ ቤት፣ በእኔ ሐሳብ ሌላ ሰው ስም ያወጣል።

ስለ እንጨት ስለ ቅጠል ደጋግመሽ ትጠይቂኛለሽ። ኢንጂነርሽ ሁሉን ያውቅ የለም እንዴ? እሱን ጠይቂው፤ አይቸኩልም።

አብዱልሰላም


ሚያዝያ 27 ቀን 1974 ዓ.ም.
ሾላ

ለአብዱልሰላም

ኮቱን የሰቀለው እሳቱ ስለሞቀው ነው። ሚስማሩ ያንተ መሆኑን አላወቀም፤ እኔም አላሰብኩትም፣ በዚህ ይቅርታ። ነቅዬዋለሁ። አሁን ኮቱን በክንዱ ይዞ ነው የሚቆመው።

ደብዳቤህን መጀመሪያ ሳነበው፣ አልዋሽህም፣ በሆዴ ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር። ባሌ ይቀናል፣ ሳይረሳኝ ነው አልኩ። ደግሜ ሳነበው ግን ስለ እኔ አንድ ቃል አጣሁበት። ናፈቅሽኝ የለም፤ ድምፅሽ፣ ፊትሽ የሚል የለም። ያለው መዶሻዬ፣ ሚስማሬ፣ ሐሳቤ ነው። አብዱልሰላም፣ የቀናኸው በኢንጂነሩ ላይ አይደለም። በእኔ ላይ ነው። ሰውየው ባይኖርም ትቀና ነበር፤ እሱ ኮቱን ሰቅሎ ሰበብ ሆነልህ እንጂ።

ይህን ከተናገርኩ ወዲያ ሰላም ነኝ፤ ወሬውን ልንገርህ። ፈተናውን አልፈናል። ምድጃዎቹን እንጦጦ ዳገት ላይ ጫካው ውስጥ አስቀመጡ። የፈታኙ ኮሚቴ ሰዎች ከታች የካ በኩል ቆመው በመነጽር ጭስ ይፈልጋሉ። ቢያዩ ቢያዩ የለም። አንደኛው «አልተለኮሰም መሰለኝ» ብሎ ሊቆጣ ሲል የሺመቤት ትኩስ ድንች በነጠላዋ ቋጥራ ከጫካው ወርዳ አደለቻቸው። አንዱ አፉ ተቃጥሎ አጨበጨበ። ኢንጂነሩ ደስታውን መያዝ አቅቶት ዞር ሲል ከቅርንጫፍ ጋር ተጋጨ።

ስለሚነደው ነገር ዝም ስላልክ፣ ከእኛው የተለየ ቢሆን ኖሮማ ትነግረኝ ነበር ብዬ በባሕር ዛፍ ልክ ሠራሁት። ለኢንጂነሩም ለኮሚቴውም፣ ለአዲስ አበባ ሰው እንጨት ማለት ባሕር ዛፍ ነው፤ ሌላ ያሰበ የለም።

ቀጥሎ የግንባሩ ሙከራ ነው። እዚያ ከተሳካ ሥራው በስሜ ይጸድቃል፣ የአባቴም ወርክሾፕ ከእጃችን አይወጣም። ወደ የትኛው ክፍል ይላክ ሲባል ወዳንተ ክፍል ይሁን ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ። እየተጣላንም ቢሆን ትኩስ ነገር እንድትበላ ብዬ ነው።

መብሩካ


ግንቦት 16 ቀን 1974 ዓ.ም.

የዘሙሩድ እናት፣ መኪናው ሳይነሳ ይህ ይድረስሽ። ባገኘሁት ሰው ነው የላክሁት።

እዚህ ባሕር ዛፍ የሚባል ነገር የለም። የምናነደው እርጥብ ግራርና ቁልቋል ነው፤ የተሰበረ የጥይት ሣጥን ከተገኘ እሱን። በዚያ ጠባብ ቀዳዳ ይህ አይነድም፣ ያፍናል። የታችኛውን ቀዳዳ በእጥፍ አስፊው፣ ወይም ጭነቱን አስቁሚ።

ቀደም ብዬ ልጽፍልሽ ነበር። ሥራ በዝቶብኝ ነው።

አብዱልሰላም


ሰኔ 23 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለመብሩካ

አሰላሙ ዐለይኩም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? መዘግየቴን ይቅር በይኝ። በዚህ መሃል ብዙ ነገር አልፏል፤ ሁሉም አይጻፍም። መጨረሻው ግን መልካም ስለሆነ ከመልካሙ ልጀምር።

ምድጃሽ እዚህ ስም አውጥቷል። በሠራዊቱ ፊት ነው የምልሽ። ቀን በጠራራ ፀሐይ ሾርባ እየጠጣን ነው፤ ከተራራው ማዶ ያለ ጠላት ሽታው እንጂ ጭሱ አይደርሰውም። አዛዡ ራሳቸው መጥተው ቀመሱ።

መጀመሪያ ላይ እንደፈራሁት ሆኖ ነበር። የጻፍኩልሽ አልደረሰሽም መሰለኝ፣ ምድጃዎቹ በጠባቡ ቀዳዳ መጡ። እኔ የተበላሸ መኪና ልጠግን ወርጄ በሌለሁበት ኤጀታ ለኮሰው። ያው ጨሰ። ኤጀታ ትንሽ ተጎድቶ ወደ ኋላ ተልኳል፤ ተርፏልና አትጨነቂ። እኔ ስመለስ የታችኛውን ቀዳዳ በመብሻ እያሰፋሁ አንድ በአንድ አስተካከልኳቸው። ከዚያ ወዲያ እንከን የለውም።

አዛዡ ሰው ሰብስበው «ይህን የሠራው ማነው» ሲሉ ስሜ ተጠራ። የጀመረችው ባለቤቴ ናት ልል አፌን ስከፍት ጭብጨባው ቀደመኝ። በጭብጨባ መሃል ማን ይሰማል። ሪፖርቱም በስሜ ሄደ። ያው አንድ ቤት አይደለን? ስሜ ስምሽ ነው።

የምሥራቹን አሁን ልንገርሽ። ሥራውን እንድመራ ወደ አዲስ አበባ ተመልሼ እንድመጣ ታዝዟል። ድጋፉ በእኔ ስም ተላልፎ ይቀጥላል። ወርክሾፑ የትም አይሄድም፤ አባባ ሙዘይንም በመቃብራቸው ደስ ይላቸዋል። ከእንግዲህ ኢንጂነሩ የሚነጋገረው ከእኔ ጋር ነው። አንቺ እረፊ፣ ደክሞሻል።

በሁሉም ነገር ይቅር ተባብለን እንጀምር። ለዘሙሩድ መጣሁ በያት።

ባለቤትሽ አብዱልሰላም


ሐምሌ 19 ቀን 1974 ዓ.ም.
ሾላ

ለአቶ አብዱልሰላም

ሰላም ለአንተ ይሁን። በሕይወት ለመምጣት በመብቃትህ አላህን አመሰግናለሁ፤ ይህን ከልቤ ነው የምለው።

የግንቦቱ ደብዳቤህ ደርሶኛል። ምድጃዎቹ ተጭነው ከወርክሾፑ ከወጡ በኋላ ነው የደረሰኝ። ይዤው ላምበረት ድረስ ሮጥኩ፤ መኪናው ቀድሞኝ ሄዷል። ኢንጂነሩ ስልክ ሲደውል ዋለ፤ ሰው አላገኘም።

«ሥራ በዝቶብኝ ነው» ብለሃል። ጥር ላይ ጠየቅኩህ፣ የካቲት ላይ ጠየቅኩህ። ስለ ኮትና ስለ ሚስማር ገጽ ሙሉ ስትጽፍ ግራር የምትል ቃል መጻፊያ ቦታ አጣህ። ብትነግረኝ ለእኔ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነበር። ምድጃው ለሌላ ሰው የሚሄድ ሲመስልህ ዝም አልክ፤ በአንተ ክፍል ላይ ሊጨስ መሆኑን ስታውቅ ጻፍክ።

ኤጀታ «ትንሽ ተጎድቷል» ብለህ ጽፈሃል። እዚህ ሆስፒታል ነው ያለው። ነጅመዲን ነግሮኝ ሄጄ አየሁት። ጭሱ የጠራው መድፍ ግራ እጁን ከክርኑ በታች ወስዶታል። የአብዱልሰላም ሚስት ነኝ ስለው በደህናው እጁ እጄን ይዞ «ሾርባውን ሳልቀምሰው ቀረሁ፣ ጥሩ ነው አሉ» አለኝ። እኔ የሠራሁትን ምድጃ ነው የለኮሰው። የእኔም እጅ ያለበት ነገር ነውና እንቅልፍ አጥቼበታለሁ። አንተ ግን በመሃል መስመር አስገብተህ አልፈኸዋል።

ድጋፉ በስምህ መዞሩን ኢንጂነሩ ራሱ መጥቶ ነገረኝ። ለእኔ ሲሟገት ከርሞ አልሆነለትም፤ ከላይ ተወስኗል። በዚያች ቀን ቀናሁ። መደበቅ አልችልም። በጭብጨባው ቀናሁ፣ በስምህ ቀናሁ፣ በእኔ ቀዳዳዎች ላይ ባሳረፍከው መብሻ እንኳ ቀናሁ። አንተ በጋውን ሙሉ ሆድህን የበላህ ነገር ምን እንደሆነ ገባኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር ከሆነማ ሰውን ያሳብዳል ብዬ አዘንኩልህ። ብቻ እኔ በቅናቴ የሰው እጅ አላስቆረጥኩም።

ስሜ ስምሽ ነው ያልከውን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። የሰው ወርቅ አያደምቅም፣ የዘሙሩድ አባት። የሚስትም ቢሆን።

«የአብዱልሰላም ረዳት» ብዬ እንድፈርም ጠይቀውኝ ነበር። አልፈረምኩም። ወርክሾፑን ተረከብ። አባቴ ለአንተ የሰጡህ ነው፤ እንዳይዘጋ ያሉትን እኔ በበኩሌ ፈጽሜያለሁ። መሣሪያህ ሁሉ በቦታው ነው። እኔና የሺመቤት ከእንጦጦ ሥር አንድ ክፍል ይዘናል፤ ለሾላ ሴቶች ዓይናቸውን የማያስለቅስ የቤት ምድጃ እንሠራለን። ለዚያ ድጋፍ የሚሰጥ የለም፤ ግን ስሙን የሚወስድብኝም የለም። የምኖረው ከአክስቴ ከሳፊያ ጋር ነው። ዘሙሩድ ከእኔ ጋር ናት፤ በፈለግክ ጊዜ መጥተህ እያት፣ አባቷ ነህ። ስለ እኔና ስላንተ ደግሞ ሽማግሌዎች ይነጋገሩበታል። አሁን የምለው የለኝም።

የምትደርስበትን ቀን ነግረውኛል። ላምበረት ወጥቶ የሚቀበልህ ኢንጂነር ኃይለ መስቀል ነው። እኔ አልመጣም። ኤጀታን ከሆስፒታል የሚያስወጡት የዚያኑ ዕለት ነው፤ እዚህ አገር የሚቀበለው ዘመድ የለውም።

መብሩካ ሙዘይን